የሶልያና ሃያ ሁለት ሰከንድ

(እሁድ ረፋድ፣ ደብረ ማርቆስ፣ ባምላኩ ሳሎን። የስድስት ወሯ ልጁ ሶልያና በትራስ ተደግፋ ሶፋው ላይ ተቀምጣለች። ከፊቷ በርጩማ፣ በርጩማው ላይ ባዶ ሰሃን። ከበርጩማው ጀርባ ሙሉቀን ፎጣ ይዞ ተንበርክኳል፤ የባምላኩ ሚስት የጥላነሽ ወንድም ነው፣ ከይጁቤ ለጥየቃ የመጣ።)

ሙሉቀን: አልሰርቅም አልኩህ ጋሼ! ያውም ከልጅ!

ባምላኩ: ስርቆት አይደለም! ሳይንስ ነው!

ሙሉቀን: ተደብቄ የሰው ድንች ላነሳ፣ ባለቤቷ እንዳታየኝ ደግሞ በፎጣ ልጋረድ። ይሄ ስርቆት ካልሆነ ስርቆት ምንድን ነው?

ባምላኩ: ስማኝ። እኔ የሕፃናት መምህር ነኝ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ሠልጥኛለሁ። ሕፃን ልጅ አፍ ሳይፈታ ቁጥር ያውቃል!

ሙሉቀን: ታዲያ ትምህርት ቤት ምን ልትሠራ ትገባለች?

ባምላኩ: አታቋርጠኝ! የማይሆን ነገር ስታይ ታፈጣለች። የሚሆን ነገር ስታይ ችላ ትላለች። አንድ ድንች አስቀምጣለሁ፣ አንተ በፎጣ ትጋርዳለህ፣ እኔ ሌላ አንድ እጨምራለሁ። ፎጣው ሲወርድ ስንት መሆን አለበት?

ሙሉቀን: (ያስባል) ተቀቅሏል?

ባምላኩ: ተቀቅሏል!

ሙሉቀን: እንግዲያው የሚወስነው አጠገቡ ማን እንዳለ ነው።

ባምላኩ: ሁለት ነው! ሁለት! ሙሉቀን፣ እባክህን ቀልዱን ተወው። ያቺ ጎረቤታችን አመተ ማርያም «ይቺ ልጅ ፈዛዛ ናት፣ አንድ ነገር ላይ አፍጥጣ ትውላለች» ካለቻት ወዲህ እህትህ ሳምንት ሙሉ ስታለቅስ ነው የሰነበተችው። ዛሬም ቤተ ክርስቲያን የሄደችው ለዚሁ ነው። እኔም እውነቴን ነው፣ ፈርቻለሁ።

ሙሉቀን: (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) እኔንም እኮ ልጅ ሳለሁ ፈዛዛ ይሉኝ ነበር።

ባምላኩ: (ያየዋል) ... እሱን ለጥላነሽ እንዳትነግራት። በል፣ መጀመሪያ ያለ ማጭበርበር። ፎጣ!

(ባምላኩ ስልኩን ሶፋው ክንድ ላይ አቁሞ ሶልያናንና ሰሃኑን በቪዲዮ መቅረጽ ጀመረ። አንድ ድንች አስቀመጠ፣ ፎጣው ተጋረደ፣ ሌላ ድንች ጨመረ፣ ፎጣው ወረደ። ሶልያና አየት አድርጋ አዛጋች።)

ባምላኩ: ሦስት ሰከንድ! አየህ? ትክክል ስለሆነ አለፈችው!

ሙሉቀን: ማዛጋት ማለፍ ነው?

ባምላኩ: አዎ!

ሙሉቀን: እኔ አራተኛ ክፍል ሳዛጋ ወደቅህ ነው ያሉኝ።

ባምላኩ: አሁን ዋናው! ፎጣው እንደተጋረደ አንዷን በቀስታ ታነሳለህ። አንድ ብቻ ትቀራለች። ገባህ?

ሙሉቀን: ለልጅቷ አንድ ብቻ?

ባምላኩ: አንድ ብቻ! ፎጣ!

(ያው ተደገመ። ባምላኩ ሁለተኛዋን ድንች እንደጨመረ ጀርባውን ለሰሃኑ ሰጥቶ ልጅቷንና የእጅ ሰዓቱን ያያል። ፎጣው ወረደ። ሶልያና ዓይኗን በልጥጣ ሰሃኑ ላይ ቀረች።)

ባምላኩ: አምስት... አሥር... አሥራ አምስት... ወይ አምላኬ... ሃያ ሁለት ሰከንድ! እሰይ የኔ ሊቅ! የኔ ሂሳብ አዋቂ!

ሙሉቀን: ጋሼ፣ ሰሃኑን ብታየው...

ባምላኩ: ሰሃን ምን ያደርግልኛል? ልጄን እያየሁ! (ቪዲዮውን ልኮ ይደውላል) ሄሎ ጥልዬ! ከቅዳሴ ወጣሽ? እንኳን ደስ ያለሽ! ፈዛዛ አይደለችም፣ እየቆጠረች ነው! አንድ ድንች ብቻ መቅረቱን አውቃ ነው የምታፈጠው! ቪዲዮውን ክፈቺው፣ እዚያው ካለች አመተ ማርያምንም ጥሪያት፣ ትይ!

ሙሉቀን: ጋሼ...

ባምላኩ: ዝም በል! (ለስልኩ) አዎ፣ አንድ ነው። ... አንድ ነው እያልኩሽ! ... እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ አንቺ እዚያ ሆነሽ ታስተምሪኛለሽ? አንድ ነው! ... የምን ሦስት?

(ዞሮ ሰሃኑን ያያል። ሦስት ድንች።)

ባምላኩ: ሙሉቀን! ይሄ ምንድን ነው?

ሙሉቀን: ድንች።

ባምላኩ: ስንት?

ሙሉቀን: የሠለጠንከው አንተ።

ባምላኩ: አንዷን አንሳ አላልኩህም?

ሙሉቀን: ላነሳ ነበር፣ እጄ እንቢ አለኝ። እኛ ቤት ለሰው አንድ ብቻ አይሰጥም፣ እንኳን ለልጅ! እማዬ ብትሰማ ይጁቤ አታስገባኝም። ለመንገድ ከያዝኩት ከኪሴ አውጥቼ ጨመርኩላት።

ባምላኩ: ሙከራውን አበላሸኸው!

ሙሉቀን: ምኑ ተበላሸ? አንድና አንድ ሦስት ይሆናል እንዴ? እሷም አይሆንም ብላ አፈጠጠች።

ባምላኩ: (ለስልኩ) ... ምን ያስቅሻል? ... አመተ ማርያምም ሳቀች? ... ምን አለች? ... «ልጅቷ ደህና ናት፣ የፈዘዘው አባትየው ነው»? (ስልኩን ዘግቶ መሬት ላይ ይቀመጣል፣ እሱም ይስቃል) ይበሉኝ! ልጄ ደህና ትሁንልኝ እንጂ እኔን የፈለጉትን ይበሉኝ! (ወደ ሶልያና ዞሮ) እንዴ፣ አሁንም እንዳፈጠጠች ነው! ምን ቀራት? ሙሉቀን፣ ድንቹን አንሳላት!

ሙሉቀን: ድንቹንማ ከተወችው ቆየች። «አንድ ነው፣ አንድ ነው» ብለህ መጮህ ከጀመርክ ወዲህ የምታፈጠው አንተ ላይ ነው። ይልቅ ሰዓትህን ያዝ።