አባ ቆጣሪ ጠባቡን ሱሪ የመለሱበት ዘመቻ

በዘመነ ቀዳዳ ኃምሳዊ፣ ይኸውም የቀበቶአቸው አራተኛ ቀዳዳ ሥልጣኑን ለቆ አምስተኛውና የመጨረሻው ቀዳዳ በነገሠ በሁለተኛው ዓመት፣ ከእርሱም በኋላ የሚነግሥ ሌላ ቀዳዳ ባልቀረበት ጊዜ፣ ኃያሉና ጽኑዑ፣ ደጅ አንኳኪው፣ ውሻ የማይመልሳቸው፣ ዘኢይስሕት በኍልቍ (በቁጥር የማይሳሳቱ) የተባሉት፣ በፈረስ ስማቸው አባ ቆጣሪ (ፈረስስ ኖሯቸው አያውቅም) በአንድ ጠባብ ሱሪ ላይ የዘመቱትን ዘመቻ፣ በዚያም ያገኛቸውን መከራና ክብር ሳንጨምር ሳንቀንስ እንጽፋለን። የቀዳዳውን ነገር ለሚጠይቁ፣ አባ ቆጣሪ ራሳቸው «ቆዳ ሲያረጅ ይኰማተራል!» ብለው አስቀድመው አውጀዋልና ነገሩ በዚያው ተዘግቷል።

እኒህ ሰው የውኃ ቆጣሪ አንባቢ ነበሩ። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ በየግቢው ጐንበስ እያሉ፣ የጕድጓዱን ክዳን በብረት መንጠቆ እያነሡ፣ የሸረሪቱን ድር በጣታቸው እየጠረጉ፣ ያዩትን ቁጥር ጐረቤት እስኪሰማ ጮኸው ያነብቡ ነበር፤ አንዲት ቁጥር ለወዳጅ ቀንሰው፣ አንዲት ቁጥር በጠላት ላይ ጨምረው አልጻፉም። ከሁሉ ይልቅ የሚጠሉት የተነካካ ቆጣሪ ነበር። የገዛ አማታቸውን እንኳ ቆጣሪው እንዳይዞር ሽቦ ሰክተውበት ባገኟቸው ጊዜ፣ ዓይናቸውን ሳያሹ ደብተራቸው ላይ «ተነካክቷል» ብለው ጻፉ፤ የአማቲቱም ውኃ ሦስት ቀን ተቆረጠ። አማቲቱ ይህን አልረሱም፤ ለመርሳትም አልሞከሩም።

ወኮነ በውእቱ ወራት፣ ከመሥሪያ ቤቱ እንዲህ የሚል አዋጅ በደብዳቤ ወጣ፦ «ሃያ አምስት ዓመት ያገለገላችሁ ሁሉ ሰኞ ጠዋት ነጭ ሸሚዝና ጥቁር ሱሪ ለብሳችሁ ለፎቶግራፍ ትቆማላችሁ። ቆጣሪ አንባቢው ከፊት ረድፍ ይሁኑ።» ሃያ አምስት ዓመት በር የከፈተላቸው ሰው ሁሉ ያየው ደብተራቸውን እንጂ ፊታቸውን አልነበረምና፣ አባ ቆጣሪ ደብዳቤውን አራት ቦታ አጥፈው በደረት ኪሳቸው አኖሩት፤ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜም ያወጡት ነበር። ከደንብ ልብሳቸው ሌላ የነበራቸው ሱሪ ግን ዘጠኝ ዓመት የለበሱት፣ ጉልበቱ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ነበር።

ወእምዝ ሐሙስ ዕለት ማንንም ሳያማክሩ ወደ አንድ ልብስ ቤት ገቡ። ባለሱቁ ወደ መሞከሪያው ክፍል ቢጋብዛቸው፣ የመጋረጃውን ማጠር አይተው እምቢ አሉ፤ «ሠላሳ ሁለት! ከሠርጌ ቀን ጀምሮ ሠላሳ ሁለት ነኝ!» ብለውም አወጁ። የሱሪውን ወገብ አንገታቸው ላይ ጠምጥመው ሁለቱ ጫፎች ቢገጥሙላቸው፣ ልኬ ነው ብለው ገዙ። አንገት ግን የሚመሰክረው ስለ አንገት ነው፤ የእርሳቸውም አንገት ወደ ጕድጓድ ሲመለከት የኖረ ቀጭን አንገት ነበር።

ዓርብ ምሽት ያ ሱሪ እስከ ጭን ከወጣ በኋላ ወደ ፊት አልሄድም አለ። አባ ቆጣሪ ሦስት ጊዜ አጠቁት፤ አንድ ጊዜ ቆመው፣ አንድ ጊዜ አልጋ ላይ ተንጋለው፣ አንድ ጊዜ ትንፋሻቸውን ውጠው ግድግዳ ተደግፈው። በሦስተኛው ፊታቸው እንደ በርበሬ ቀልቶ «ፋብሪካው ተሳስቷል!» ሲሉ አወጁ። ባለቤታቸው ልብስ ሰፊ ናት፤ በአካባቢው ባለመርፌዋ ይሏታል። ይህን ስትሰማ ጣራ ጣራውን አየችና ቶሎ ብላ «ነገ እኔ ብቻዬን ሄጄ ለውጬልህ እመጣለሁ፤ አንተ ዕረፍ!» የሚል አዋጅ አወጣች። እርሳቸው ግን ቁጥር በተዋሸበት ቦታ ሁሉ ራሳቸው መገኘት እንዳለባቸው አስታውቀው አዋጇን ሻሩት።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሠራዊቱ ተንቀሳቀሰ። ከፊት አባ ቆጣሪ፣ ሱሪውን በፌስታል እንደ ምርኮኛ አንጠልጥለው፤ በቀኝ ባለመርፌዋ፣ ደረሰኙን በቦርሳዋ ይዛ፣ ፊቷ ትንሽ ገርጥቶ፤ በግራ አማቲቱ፣ ማንም ሳይጠራቸው፣ ጃንጥላቸውን ተመርኵዘው፤ ከኋላ የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ፣ ወሬ ካመለጠው ምሳ የማይበላው፤ ከእርሱም ኋላ ፀጉር አስተካካዩ ግማሽ ጢሙን ላጭቶ ጥሎት የመጣው ደንበኛ፣ ፎጣው ከአንገቱ ሳይወርድ፣ የቀረውን ጢም ፍለጋ ተከተለ።

የልብስ ቤቱ ምሽግ ጽኑ ነበር። በበሩ ራስ የሌላቸው አሻንጉሊቶች በተርታ ቆመዋል፤ ከባንኮኒው በላይ በካርቶን ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው የምድር ነጋዴ ሁሉ ሕግ ተሰቅሏል። አባ ቆጣሪ ፌስታሉን ባንኮኒው ላይ ጥለው በደጃፍ ድምፃቸው አወጁ፦ «ይህ ሱሪ ሠላሳ ሁለት ነኝ ብሎ ዋሽቷል! እኔ በቁጥር ሃያ አምስት ዓመት ኖሬያለሁ፤ ውሸት ሲያጋጥመኝ አውቃለሁ!»

ባለሱቁ ትዕግሥተኛ ሰው ነበር፤ ክፉ ቃል አልተናገረም። ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ የሱሪውን ወገብ በሰው ሁሉ ፊት ለካ፤ ሠላሳ ሁለት ሆነ፤ ገልብጦ ለካ፤ ያው ሠላሳ ሁለት። ከዚያ እጁን በካርቶኑ ሕግ ላይ አድርጎ ፍርዱን አሰማ፦ «ጋሼ፣ ሕጉ ይኸው ነው። ለእርስዎ ስል ግን እለውጣለሁ። ሁለት ነገር ብቻ ነው የምፈልገው፤ ሱሪዬ ጥፋት እንደሌለበት በሰው ፊት ይነገርለት፣ ትክክለኛ ቁጥርዎም ይነገረኝ።»

አባ ቆጣሪ ይህን የሚያህል ድፍረት ሰምተው አያውቁም። ወደ መሞከሪያው ክፍል ገብተው መጋረጃውን ስበው፣ «የለበስኩት ይመስክርልኝ!» ብለው አሮጌ ሱሪያቸውን በመጋረጃው አናት ወረወሩ። ባለሱቁ ምልክቱን ሲያነብ ሠላሳ ሁለት ይላል፤ ፀጉር አስተካካዩ እልል ሊል አፉን ከፈተ። ሜትሩ ሲዘረጋ ግን ሠላሳ ስምንት ሆነ። ሱሪው ቢገለበጥ፣ በወገቡ ስፌት ውስጥ ጣት ጣት የሚያህሉ ጥቁር ቁራጮች፣ አንዱ ካንዱ ተያይዘው፣ እንደየዓመቱ በልዩ ልዩ ክር፣ ከውጭ ዓይን በማያያቸው ረቂቅ ስፌት ገብተዋል። ከመጋረጃው በታች ሁለት ባዶ ቅልጥሞችና ጥቁር ካልሲዎች ብቻ ይታዩ ነበር።

አማቲቱ ስፌቱን ለልጃቸው ያስተማሩት ራሳቸው ናቸውና ወዲያው አወቁት። ጃንጥላቸውንም መሬት ላይ መትተው አወጁ፦ «ያልሰማህ ቅረብና ስማ! እኔን ለአንዲት ሽቦ ውኃ ያስቆረጠ ሰው፣ ይኸው ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የተነካካ ቆጣሪ ለብሶ ዞሯል! ደብተሩን አቀብሉት፤ ወንድ ከሆነ አሁን ሚስቱን ይጻፋት!»

ባለመርፌዋም ወደ መጋረጃው ቀርባ ተናገረች፤ ዝግ ብላ ብትናገርም ሱቅ ሙሉ ሰው ሰምቶታልና ከአዋጅ እንቈጥረዋለን፦ «እኔ ነኝ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት የሚገባህን ኃላፊነት ለሌላ ሰው ሰጡት። በዚያው ሰሞን ሱሪህ ጠበበህና ‹ቁጥሬ እንኳ ከዳኝ› ብለህ እራት ተውክ። ሳምንት ሙሉ ጦምህን ስታድር ማየቱን አልቻልኩም። የደንብ ልብስህን ለብሰህ ስትወጣ ስፌቱን ፈትቼ ጨርቅ ጨመርኩበት። ማታ ለካኸው፣ ሳቅክ፣ በላህ። እኔም በየዓመቱ ጨመርኩ። ተነካክቷል ካልክ፣ የነካካሁት እኔ ነኝ።»

እንግዲህ የአባ ቆጣሪ ፈተና ይህ ነበር። ተነካክቷል ካሉ፣ ያበላቻቸውን ሴት በሰው ፊት ማዋረዳቸው ነው፤ አልተነካካም ካሉ፣ ሃያ አምስት ዓመት ያልተሳሳተ ንባባቸው በአንድ ረፋድ ሊበላሽ ነው፤ ዝም ካሉ ደግሞ ሱሪም የለ፣ የፊት ረድፍም የለ፣ ከመጋረጃው መውጫም የለ። ካልሲዎቹ በጠባቡ ክፍል ወዲያና ወዲህ ተመላለሱ። ከውስጥ አፍንጫ የመናፈጥ ድምፅ ተሰማ፤ ጕንፋን አልነበረባቸውም።

ከዚያም ያ ውሻ የማይመልሰው ድምፅ ከመጋረጃው ኋላ ተነሣ፦ «ንባብ! ወገብ፣ ሠላሳ ስምንት! የሱቁ ሱሪ ጥፋት የለበትም፤ ባለሱቁን ይቅርታ እጠይቃለሁ። አሮጌውን ሱሪ አገላብጬ አይቻለሁ፤ አልተነካካም። አልተነካካም ብያለሁ! አሁን የምለብሰው ነገር አቀብሉኝ።»

ይህን ሲሉ ሱሪው ከመጋረጃው ማዶ በባለሱቁ እጅ ነበር። አማቲቱ ሊቃወሙ ጃንጥላቸውን አነሡ፤ ነገር ግን ልጃቸው በመዳፏ ዓይኗን ስትጠርግ አዩና ጃንጥላውን መልሰው አወረዱ፤ «እኔም ዓይኔ ደክሟል፤ የታየኝ ነገር የለም» ብለው አስታወቁ። ፀጉር አስተካካዩ ሜትሩ አሮጌ መሆኑን መሰከረ። ግማሽ ጢሙ የተላጨው ደንበኛ ምንም እንዳላየ ማለ፤ ከበር ውጭ ስለ ነበር እውነቱን ነው። ባለሱቁም ካርቶኑን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ ሠላሳ ስምንቱን ሱሪ በመጋረጃው አናት አቀበለ፤ አባ ቆጣሪም ለብሰው ወጡ፤ ልካቸው ነበር።

በመልስ መንገድ ላይ አሮጌው ሱሪ ያለበትን ፌስታል ወደ ግራ እጃቸው አዛውረው በቀኛቸው የባለመርፌዋን እጅ ያዙ፤ በጆሮዋም አንድ ነገር አሏት፤ እርስዋም እየሳቀች በክርንዋ ጐሰመቻቸው። ያሏት ነገር አዋጅ ስላልነበረ በዚህ መዝገብ አልገባም።

እንግዲህ ክብር ይገባታል ለባለመርፌዋ፣ ዘጠኝ ዓመት በዝምታ ለሰፋችው፣ እጅዋ ለማይታየው፣ ባልዋን ከጦም ላዳነችው። ክብር ይገባቸዋል ለአባ ቆጣሪ፣ ለደጅ አንኳኪው፣ ለድር ጠራጊው፣ ለወዳጅም ለጠላትም ሳያደሉ ዘመናቸውን ሁሉ አንብበው፣ ሚስታቸው በሰው ፊት እንዳታፍር አንዲት ንባብ አውቀው ለሳቱት። ዕድሜያቸው ይርዘም፤ ወገባቸውም እንደ ወደደ ይስፋ። እኛም የዚህ ዜና ጸሐፊ፣ የተባለውን አሮጌ ሱሪ ስፌት በስፌት አገላብጠን መርምረን፣ ምንም የተነካካ ነገር እንዳላገኘንበት በፊርማችን እናረጋግጣለን።