ሮቢት ላይ ሰሚራ የምትባል የለችም

ጎበዝ፣ ዛሬ የሆንኩትን ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከእኔው ስሙት። ሮቢት ያለ ሰው ግማሹ አይቶኛል፤ ወሬው እስኪመሽ ቆቦ መድረሱ አይቀርም።

በገዛ ጣቴ፣ በገዛ ስልኬ፣ ራሴ ላይ በር ዘጋሁ።

ከዛ ዘበኛውም ዘጋብኝ!

ለማታውቁኝ ሰሚራ እባላለሁ። የምኖረው ቆቦ ነው። ሮቢት ያለ አንድ የመስኖ ማኅበር ኮምፒውተሩን የምይዝለት እኔ ነኝ። ለየሰፈሩ ውሃ የሚለቁትን በሮች ተራ ጠብቆ የሚከፍትና የሚዘጋ ሰርቨር አለ። የተከልኩት እኔ ነኝ፤ ስኮራበትም ዓመት አለፈኝ።

ከሰርቨሩ በፊት ተራ የሚያዙት የውሃ አባቱ ጋሽ ይመር ነበሩ፣ በአፍ። ክፉ ሰው አይደሉም። ግን ጉልበተኛ ሲጮህባቸው የደካማው ተራ ወደ ኋላ ይገፋ ነበር። ማሽኑ ደግሞ ቢጮሁበት አይሰማም፤ የወደድኩለትም ለዚሁ ነው።

ጋሽ ይመር ግን አልወደዱትም። ባለፈው ስብሰባ ላይ «አንድ ቀን የሰው ተራ ካጠፋ መጋዘን ይገባል» ብለው ጨረሱ። ሰዉም አጨበጨበ። እኔም አጨብጭቤያለሁ፣ መቼም አያጠፋም ብዬ!

እና ዛሬ ተራው የእማማ ዘሀራ ነበር። ባል የሞተባቸው፣ ብቻቸውን የሚያርሱ ሴት ናቸው። ያላቸው አንድ የሽንኩርት ማሳ ነው፣ የሰሞኑን ፀሐይ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ዛሬ ካልጠጣ እስከሚቀጥለው ተራ አይቆይላቸውም።

ጠዋት ቆቦ ገበያ ቲማቲም እየመረጥኩ ሳለ ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ ፓምፑ ይጮሃል፣ ውሃው ግን እኔ ጋ አልመጣም።»

«አብሽሩ እማማ፣ አሁን አስለቅቅልዎታለሁ» አልኩ። አሁን!

እዚህ ጋ ትንሽ ታገሱኝ። ሰርቨሩ ላይ እያንዳንዱ ሰፈር የራሱ ኮንቴይነር አለው። ሱቅ የሚከፈትበት የቆርቆሮ ኮንቴይነር አይደለም፣ የሶፍትዌር ነው። የታጠረ ግቢ በሉት፤ የአንዱ ሰፈር ፕሮግራም ሲበላሽ ሌላውን እንዳይነካ። ግቢው ውስጥ የሚሠራ ፕሮግራም ሁሉ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ቁጥሩም በየግቢው ከአንድ ይጀምራል። እያንዳንዱ ግቢ ከእኔ ሌላ ዓለም የለም ብሎ ነው የሚኖረው።

በስልኬ ገብቼ የእማማ ዘሀራን ሰፈር ሎግ፣ ማለትም የሥራ መዝገቡን፣ አየሁ። በር የሚከፍተው ፕሮግራም፣ ቁጥር 412፣ ደንዝዟል። በጣም ቀላል ነገር ነው። ይገደላል፣ ከዛ ራሱ እንደ አዲስ ይነሳል።

ቲማቲሙን በግራ እጄ እንደያዝኩ በቀኝ አውራ ጣቴ ጻፍኩ። ኪል፣ ሰረዝ ዘጠኝ፣ 412፤ ማለትም 412ን ግደል።

ኢንተር።

ስክሪኑ ቀጥ አለ።

ኔትወርክ ነው ብዬ ስልኬን ወደ ላይ አነሳሁት። ወደ ጎንም አዞርኩት። ቲማቲም ሻጯ «እህቴ፣ ትገዢያለሽ ወይስ ፎቶ ትነሺያለሽ?» አለችኝ።

የስልኬ ኔትወርክ አልነበረም። ሰርቨሩ ጭራሽ አልመልስ አለኝ። እማማ ዘሀራ ደግሞ እንደገና እየደወሉ ነው።

እሺ፣ ሁለተኛ መላ። ሮቢት ማኅበሩ ግቢ ዘበኛው ሁሴን አለ። ሰርቨሩን ከሶኬት ነቅሎ መልሶ ቢሰካው ሁሉም ነገር ከነግሳንግሱ እንደ አዲስ ይነሳል። የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። የቢሮውን ስልክ ደወልኩ።

«ሁሴን፣ ሰሚራ ነኝ። ያንን ጥቁር ሳጥን ከሶኬት ንቀልልኝ።»

«ማን?»

«ሰሚራ!»

«ሰሚራ የምትባል አላውቅም።»

«ማሽኑን የተከልኩት እኔ ነኝ እኮ!»

«እሱን የተከለችውማ ወርቂት ናት።»

ያረቢ! ወርቂት እኔ ነኝ። የባለቤቴ አገር ሮቢት ነው፤ ሙሽራ ሆኜ የገባሁ ቀን አማቴ እንደ ወጉ የቤት ስም አወጣችልኝ። ከዛን ቀን ጀምሮ እዚያ ሰፈር ሰሚራ ብሎ የጠራኝ የለም። ቆቦ ደግሞ ወርቂት ብትሉ ዞሬም አላይ።

«ሁሴን፣ ወርቂት እኔው ነኝ!»

«ቅድም ሰሚራ ነኝ ስትይ አልነበር?»

ዘጋው።

አማቴ ጋ ደወልኩ፣ ስልኳ ዝግ። ወደ መናኸሪያ ሮጥኩ። ሚኒባሱ ሰው እስኪሞላ አይነሳም፣ ረዳቱ «ሮቢት፣ ሮቢት» ይላል፣ እኔ ውስጥ ሆኜ እየተቃጠልኩ ነው። ሁሴንን በልቤ ያልሰደብኩት ስድብ የለም። ሰውን ባንድ ስም ብቻ የሚያውቅ ምን ዓይነት ሰው ነው? ውስጥ ሌላ ስም፣ ውጭ ሌላ ስም ሊኖረኝ እንደሚችል እንዴት አይገባውም?

ከዛ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

412!

ቁጥሩን ያነበብኩት ከእማማ ዘሀራ ሰፈር ግቢ ውስጥ ነው። ትዕዛዙን የጻፍኩት ግን ከግቢው ውጭ፣ ዋናው ሰርቨር ላይ ሆኜ ነው። ያ ፕሮግራም ውጭ ሌላ ቁጥር አለው። የውጩ 412 ደግሞ ምንም የማያውቅ ምስኪን ነው፤ ሞደሙን ከኔትወርክ የሚያገናኘው ፕሮግራም። እኔ ራሴ የገባሁበት መስመር። ሌሎቹ ሲሞቱ ራሳቸው እንዲነሱ አዝዣለሁ፣ እሱን ረስቼዋለሁ።

የሚያበሽቀው፣ ከርነሉ ይህን ሁሉ ያውቃል። የሰርቨሩን ልብ ማለቴ ነው፣ ፕሮግራሞቹን ሁሉ የሚያስተዳድረውን። ለእሱ ፕሮግራሙ አንድ ነው፤ ጠያቂው ከየት ሆኖ እንደጠየቀ አይቶ ነው ቁጥሩን የሚናገረው። የውጩንም የውስጡንም በአንድ መስመር ጎን ለጎን ያስቀምጥላችኋል። ውጭ ሆኖ ወደ ውስጥ ማየት ይቻላል፤ ውስጥ ያለው ነው ውጩን የማያየው። እኔ ውጭ ነበርኩ። ማየት እየቻልኩ አላየሁም።

ሁሴን እንኳ ከእኔ ይሻላል። እሱ የማያውቀውን ስም ሲሰማ ስልክ ነው የዘጋው። እኔ ገደልኩ።

ሮቢት ስደርስ የማኅበሩ በር ላይ ሰው ቆሟል። ጋሽ ይመር ዱላቸውን ተደግፈዋል፣ እማማ ዘሀራ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል። ገና ከሚኒባሱ ሳልወርድ ሁሴን በደስታ ጮኸ።

«ወርቂት፣ እንኳን መጣሽ! ሰሚራ ነኝ የምትል አንዲት አጭበርባሪ ማሽኑን ንቀል ብላኝ ነበር። አላስነካኋትም!»

ሰዉ ሁሉ «አበጀህ» አለው።

ጋሽ ይመርም «ያበላሸችው እሷ ትሆናለቻ» አሉ።

አያችሁ? የማምለጫ በር ወለል ብሎ ተከፈተልኝ። ሰሚራ የምትባል ሌባ ናት ብዬ ዝም ብል ስሜም ማሽኑም ይድናል። ወላሂ፣ ለአፍታ ፈተነኝ። ከዛ ግን ተናደድኩ። ለምን እደበቃለሁ? የሰው ተራ በግልጽ ይታይ ብዬ የተከልኩትን ነገር በውሸት ላድነው ነው?

«ሰሚራ እኔ ነኝ» አልኩ። «ቆቦ ስሜ ነው። ያበላሸሁትም እኔው ነኝ፣ ማሽኑ አይደለም። መጋዘን የሚገባ ካለ እኔን አስገቡኝ።»

ሁሴን እኔን አየ፣ ስልኩን አየ፣ እንደገና እኔን አየ።

እማማ ዘሀራ ናቸው የተናገሩት። «ልጄ፣ ሰሚራም ሁኚ ወርቂት፣ መጀመሪያ ውሃዬን ልቀቂልኝ።»

ገባሁ። ኪቦርድ ሰካሁ። ዛሬ ጠዋት ማድረግ የነበረብኝን አደረግኩ፤ ውስጥ 412 የሚባለው ውጭ ማን ይባላል ብዬ ጠየቅሁ። 6308። አንድ ጊዜ አነበብኩት፣ ደግሜ አነበብኩት፣ ከዛ እሱን ብቻ ገደልኩ። ራሱ ተነሳ። ከወዲያ የውሃ በሩ ብረት ሲንቋቋ ተሰማ።

አላለቀም። ጋሽ ይመር ደጃፉ ላይ ቆመው «የዘሀራ ጊዜ አልፏል፣ አሁን የሚቀጥለው ሰው ነው» አሉ። የሚቀጥለው ሰው ጮሌ ነው፤ አካፋውን ትከሻው ላይ አድርጎ ደርሷል።

እኔም ከማሽኑ ፈቀቅ አላልኩም።

«ጋሼ፣ በእርስዎ ጊዜ በሰው ተራ መሃል ቦዩ ሲሰበር ተራው ለማን ነበር የሚቆየው?»

ወደ ባለ አካፋው ዞር አሉ።

«እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ። ያንኑ ነው ማሽኑ ላይ የጻፍኩት።»

ዱላቸውን መሬት ላይ ፈተግ ፈተግ አደረጉና «ለባለተራው» አሉ። ባለ አካፋው አጉረመረመ፣ ጋሽ ይመር ግን አንዴ ካሉ አሉ ነው። እማማ ዘሀራ ምርቃታቸውን እንኳ ሳይጨርሱ ወደ ማሳቸው ሮጡ። ሽንኩርቱ ጠጥቷል፣ አልሐምዱሊላህ።

ጋሽ ይመር ሲሄዱ ዞር ብለው «ማሽኑ ይቆይ። አንቺን ነው በዓይነ ቁራኛ የምንጠብቅሽ» አሉኝ። ይጠብቁኝ። እዚሁ ነኝ።

ስወጣ ሁሴንን ስልኬን መዝግብ አልኩት።

«በየትኛው ስም?»

«በሁለቱም።»

ጎንበስ ብሎ ለረጅም ጊዜ ጻፈ። በትከሻው በኩል አየሁት። «ወርቂት። ሰሚራ ነኝ ካለች ዝጋ» ይላል።

ነገ ሰሚራ ነኝ ብዬ ነው የምደውለው። እስኪ ይዝጋብኝ!