ኑል የሚባለው ተፈናቃይ

(ነሐሴ 2014፣ መርሳ። ከቆቦ የተፈናቀሉ ሰዎች ያረፉበት ትምህርት ቤት። ኢስሐቅ ጃቫ በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የሠራው የመመዝገቢያ ገጽ፣ መርሳ የገባውን ሰው ስም ወልድያ ላሉ ቤተሰቦቹ ማድረስ ነበረበት። ስሙ ግን ባዶ ሆኖ፣ በቦታው "ኑል" የሚል ቃል ተጽፎ ይደርሳል። ኢስሐቅ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጧል፤ መዝጋቢዋ ቡርቱካን አጠገቡ ቆማለች።)

ኢስሐቅ፦ ነገርኩሽ እኮ፣ ኑል ሰው አይደለም።

ቡርቱካን፦ ታዲያ ወልድያ ዝርዝሩን የሚቀበሉት ለምን ይደውላሉ? "ኑል የሚባል ሰው በዛ፤ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው ወይ?" ይሉኛል።

ኢስሐቅ፦ ኑል ማለት ባዶ ማለት ነው። አንቺ ስሙን ጽፈሽ ትልኪያለሽ፤ ጃቫ ስሙን ሲጠይቅ ያጣዋል።

ቡርቱካን፦ የት ሄዶ?

ኢስሐቅ፦ (ጉሮሮውን ጠርጎ) አየሽ፣ ሪዳይሬክት የሚባል፣ የላክሽውን ወደ ሌላ ገጽ የሚያዞር ነገር አለ። ከውርጌሳ ወደ ወልድያ ስትሄጂ መርሳ ላይ መኪና ቀይሪ ቢሉሽና ሻንጣሽ የመጀመሪያው መኪና ላይ ቢቀር ማለት ነው።

ቡርቱካን፦ መርሳ ከቀረማ እዚሁ ነዋ። መናኸሪያ ሄጄ ልጠይቅ?

ኢስሐቅ፦ ምሳሌ ነው፣ ቡርቱካን። (ሪዳይሬክቱን አጥፍቶ ይሞክራል። አሁንም ኑል።) እንግዲያው ኔትወርኩ ነው። ጦርነት ላይ ነን፤ መንገድ ላይ የሚበላው አለ።

ቡርቱካን፦ ስም ብቻ መርጦ ነው የሚበላው? ዕድሜውም ቀበሌውም ይደርሳል እኮ።

(ኢስሐቅ ሳይወድ የገጹን ኮድ ከፍቶ ማንበብ ጀመረ።)

ኢስሐቅ፦ ይሄ የስም መጻፊያ ሳጥን መታወቂያ ተሰጥቶታል፤ መጠሪያ ግን የለውም። ጃቫ ደግሞ በመጠሪያው ነው የሚፈልገው።

ቡርቱካን፦ መታወቂያ ይዞ ስም የለውም? የትኛው ቀበሌ ነው ያወጣለት?

ኢስሐቅ፦ (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) እኔ ነኝ።

(መጠሪያ ሰጥቶ ሞከረ፤ ስሙ ደረሰ። ደስ ሊለው ሲል ሌላ ነገር ትዝ አለው።)

ኢስሐቅ፦ እስካሁን የተመዘገቡትስ? ያቺ ባሏን የምትፈልገው ትርንጎ በላይ... ጥሪልኝ፣ እንደገና እንመዝግባት።

ቡርቱካን፦ የለችም። ባሏ ጠዋት መጥቶ ይዟት ሄደ።

ኢስሐቅ፦ በምን አወቀ?

ቡርቱካን፦ የስሙ ሳጥን አልይዝ ሲለኝ የሁሉንም ስም የምጽፈው ቀበሌ የሚለው ላይ ነው። ወልድያ በድምፅ ማጉያ "ኑል፣ ከትርንጎ በላይ ቀበሌ" ብለው ሲጠሩ፣ ሰውየው "እሷ ቀበሌ አይደለችም፣ ሚስቴ ናት" ብሎ ተነሣ።

(ኢስሐቅ የተመዘገበውን ከፈተ፤ የቀበሌው ረድፍ በሰው ስም ሞልቷል። ያን ሁሉ ሰዓት የስሙን ረድፍ ብቻ እንጂ የቀበሌውን ዞር ብሎ አላየም ነበር።)

ኢስሐቅ፦ ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?

ቡርቱካን፦ የሰዎቹንማ ስም አግኝተነዋል፤ አንተ የምትፈልገው የኮምፒውተሩን መስሎኝ።