ዮልቪን የተወለደበት ማክሰኞ

በዝግጅት ረገድ እንከን የማይወጣላት መንደር የትኛዋ ናት ቢባል፣ ከሳን ፔድሮ ከተማ ወጣ ብላ የምትገኘው የሸንኮራ ቆራጮች መንደር ናት። የወይዘሮዋ የዶኛ ኤልፒዲያ ልጅ ዮልቪን ለአንድ የአሜሪካ ቤዝቦል ቡድን ሊፈርም መሆኑ እንደተሰማ፣ ከመዝገብ ቤት በጡረታ የተገለሉት ዶን ኤሊሂዮ «የተጫዋች ሰነድና ንብረት ዝግጅት ዐቢይ ኮሚቴ» አቋቋሙ፤ ሊቀ መንበሩም፣ ጸሐፊውም፣ ማኅተም ያዡም እርሳቸው ሆኑ። የልደት ወረቀቱ በአራት ቅጂ ተባዛ። የባንክ ደብተሩ ከገንዘቡ ቀድሞ ተከፈተ። የቁጠባ ዕቅዱም እስከ ልጁ ጡረታ ድረስ ተነደፈ።

የቀረው የዕድሜ መርማሪው ብቻ ነበር። ዕድሜውን የሚቀንስ ተጫዋች ያስመረራቸው ቡድኖች መርማሪ እየላኩ ጎረቤት ያስጠይቃሉ። ዮልቪን በእርግጥ ዐሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ወረቀቱም እውነተኛ ነው። ኤልፒዲያ ይኸው ይበቃል ብላ ነበር።

«እውነት ብቻውን ምን ያደርጋል?» አሏት ዶን ኤሊሂዮ። «እውነትም ሥልጠና ይፈልጋል!»

መንደሩ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሠለጠነ። መርማሪው መጥቶ ዮልቪን መቼ እንደተወለደ ፀጉር አስተካካዩን ጠየቀ።

«ማክሰኞ፣ ማርች ዘጠኝ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃያ!»

እንቁላል ሻጯም ያንኑ ደገመች። ትናንት ማን እንዳሸነፈ ዛሬም ያልተስማሙት ዶሚኖ ተጫዋቾች በአንድ ድምፅ «ከሃያ!» አሉ።

«የራስህ ልጅስ መቼ ተወለደ?» ሲል መርማሪው አንዱን ጠየቀው።

«የኔ? እሱን እንኳ ሚስቴን ጠይቃት።»

መርማሪው ደብተሩን ዘጋ። ወደ ኤልፒዲያም ዞሮ፣ «ዶኛ፣ በዚህ ሥራ ዐሥራ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። እንዲህ የሚያስታውሰው የሚዋሽ ሰው ብቻ ነው።»

ከዚያ ማዶ ወደ ሌላው ተጫዋች ወደ ራምበርት ቤት ተሻገረ። ራምበርትም ዐሥራ ሰባት ነኝ ይላል፤ ጢሙን ግን በቀን ሁለቴ ይላጫል።

«ኧረ ወዲያ፣ ማን ያስታውሰዋል!» አለች እናቱ። «አውሎ ነፋሱ ጣሪያችንን የወሰደው ጊዜ ነው… ወይስ ፍየሏ የጠፋች ጊዜ?»

መርማሪው «ታማኝ ምስክር» ብሎ ጻፈ። ራምበርት ፈረመ።

ኤልፒዲያ በንዴት ዶን ኤሊሂዮ ደጅ ሄደች። «የልጄን እንጀራ ዘጉበት!»

«አይዞሽ፣ ይግባኝ ብያለሁ፤ ሰውየው በሁለት ሳምንት ይመለሳል። እስከዚያ ኮሚቴው የመርሳት ሥልጠና ይሰጣል።»

መንደሩ ግሩም አድርጎ ረሳ። ፀጉር አስተካካዩ «ዮልቪን? የቱ ዮልቪን?» እስከማለት ደረሰ። ዶሚኖ ተጫዋቾቹም ዝናብ ነበር፣ የለም ፀሐይ ነበር እያሉ ተጣሉ። የመርማሪው ፊት ፈታ አለ። በመጨረሻ እናትየው ዘንድ መጣ።

«ዶኛ፣ ልጅዎ መቼ ተወለደ?»

ሁለት ሳምንት የተለማመደችው «እንጃ» አፏ ላይ ነበር። ዮልቪን በሩ ላይ ቆሞ ያያታል። እንባዋ ቀደማት።

«ማክሰኞ» አለች። «ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃያ። ምን ላድርግ ጌታዬ፣ ምጡ የኔ ነበር!»

መርማሪው ደብተሩን ዘጋ።

ዮልቪን ሳይፈርም ቀረ። ዶን ኤሊሂዮም በዚያው ዕለት ባወጡት ሪፖርት «ከአንዲት እናት የግል ድክመት በስተቀር ሥልጠናው በሚገባ ተሳክቷል» ሲሉ ጻፉ፤ ማኅተማቸውንም አሳረፉበት።