አልወርድም ያለው ክብደቴ

እኛ አገር ሰው ሲወፍር «ተመችቶሃል» ይባላል። ሲከሳ ደግሞ «ምነው፣ አመመህ እንዴ?» ነው። መካከል ላይ ያለውን ሰው ምን እንደሚሉት እንጃ፤ ደርሼበት አላውቅም። እኔ ሲመቸኝ የኖርኩ ሰው ነኝ። ጎፋ ላይ የሕንፃ መሣሪያ መደብር አለኝ፤ ምስማር፣ ቆርቆሮ፣ ቀለም፣ ሲሚንቶ እሸጣለሁ። ነጋዴን ደግሞ ቦርጭ ያስከብረዋል። ቦርጬን ከሩቅ አይቶ «እዚህ ቤት የሚጠፋ ዕቃ የለም» እያለ የገባውን ደንበኛ ቤት ይቁጠረው። ቀጭን ነጋዴን ማን ያምነዋል? ራሱን ያልሞላ ሱቁን በምን ይሞላል?

ታዲያ እንዲህ የተመቸኝ ሰው ምን ነክቶኝ ሆዴን አስቀደድኩ? ልንገራችሁ። መሳቅ ይቻላል፤ ግን እኔ ስጀምር ነው።

ነገሩ የመጣው ከጉልበቴ ነው። መጀመሪያ ደረጃ መውጣት እምቢ አለኝ። ግድ የለም ብዬ ፉሪ ላይ ደረጃ የሌለው ቤት ሠራሁ። ቀጥሎ ክር ያለው ጫማ ማሰር እምቢ አለኝ። ግድ የለም፣ ሸበጥ ምን አለኝ? በመጨረሻ ግን ሱጁድ እምቢ አለ። እዚህ ላይ ግድ የለም ማለት አልቻልኩም። ስሰግድ ግንባሬን ምንጣፉ ላይ ለማድረስ እወርዳለሁ፤ መውረዱስ ይሁን፣ መነሳቱ ነው ጣጣው። አንድ ቀን መስጊድ ውስጥ ሶላቱ አልቆ ሰው ሁሉ ሲወጣ ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ብብቴን ይዘው አነሱኝ። ሁለቱም አንሺዎቼ ወገባቸውን ይዘው ነው የሄዱት።

ከዚያ ወዲህ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ መስገድ ጀመርኩ። ኢማማችን «ለማይችል ሰው ተፈቅዷል» አሉኝ፤ እውነታቸውን ነው። እኔ ግን ገና ሃምሳ አልሞላኝም። ከጎኔ የሚቀመጡት ሐጂ ከድር የአባቴ እኩያ ናቸው። መጀመሪያ ቀን ወንበሬን ይዤ ስመጣ ከላይ እስከ ታች አይተውኝ፣ «እንኳን ደህና መጣህ ልጄ። እኛ እንኳ ስንጠብቅህ የነበረው ከሃያ ዓመት በኋላ ነበር» አሉኝ። ሳቅሁ። ቤቴ ገብቼ ግን አለቀስኩ፤ ምን ይደበቃል? አባቴ እስከሞቱበት ሳምንት ድረስ ግንባራቸውን መሬት ያደርሱ ነበር። እኔ ወንበር ላይ ሆኜ አንገቴን ዝቅ ሳደርግ፣ ዋጋ ቀንስ ብሎ ለተከራከረኝ ደንበኛ እሺ የምል ይመስለኛል።

እናም ወሰንኩ። ግንባሬን መሬት አደርሳለሁ፣ ራሴን ችዬም እነሳለሁ። ሐኪሙ ደግሞ ስኳሬም ደጃፍ ላይ እንደቆመ ነግሮኝ ነበር። ጨጓራ የሚያሳንስ ኦፕራሲዮን አለ ሲለኝ ሳላወላውል እሺ አልኩ። ባለቤቴ ነፊሳ ስትሰማ፣ «ምግብ መቀነስ አቅቶህ ጨጓራ ልትቀንስ? እጅህን ብታሳጥረው አይቀልም?» አለችኝ። ሴት ልጅ አንዳንዴ እውነት ትናገራለች፤ ጊዜ አትመርጥም እንጂ።

ተሠራሁ። ስነቃ ሐኪሙ «የቀረልህ ጨጓራ የሙዝ ያህል ነው» አለኝ። የትኛው ሙዝ? የአርባ ምንጩ ነው ወይስ ያ ትንሹ? ብዬ ጠየቅኩት። ነጋዴ ነኛ፣ መጠን ሳላውቅ አልረከብም። ሳቀና የሱ ሥራ ግማሹ እንደሆነ፣ ሌላው ግማሽ የኔ እንደሆነ፣ ቶሎ ይወርዳል ብዬም እንዳልጠብቅ አስጠነቀቀኝ። እኔ ደግሞ ዕቃ ከመጣ ዛሬውኑ ይራገፍ የምል ሰው ነኝ።

የታመመ ሰው ባዶ እጅ አይጠየቅም። ታላቅ እህቴ ራህማ ከቡታጅራ ድረስ ክትፎዋን በቅቤ አንሳፍፋ፣ ቆጮዋን ጠቅልላ መጣች። ለአንድ ወር ፈሳሽ ብቻ ነው የተፈቀደልኝ አልኳት። «ቅቤ ፈሳሽ አይደለም እንዴ?» አለች። ምን ትላላችሁ? እውነቷን ነው እኮ! የተቀደደ ሆድ ቅቤ ካልገባበት በምን እንደሚገጥም ሐኪሙ ቀርቦ እንዲያስረዳት ፈለገች። ጠቅልላ «አፈር ስሆን!» ብላ እጇን ወደ አፌ ላከች። አፌን በመዳፌ ከደንኩ። እህቴ ከእጇ እምቢ ተብላ አታውቅም፤ እንባዋ መጣ። «ወንድሜ እጄን ጠላው» ብላ ልትነሳ ስትል ነፊሳ ከመሃል ገባችና «ለሱ ያሰብሽውን ለኔ አጉርሺኝ፣ አንድ አካል አይደለን?» አለቻት። ጎረሰችልኝ። በማግስቱም ጎረሰችልኝ። ራህማ ሳምንት ሙሉ ተቀምጣ ስታስታምመኝ ቆየች፤ ክትፎው በሙሉ ለኔ ታስቦ በነፊሳ አለፈ። በዚያ ወር እኔ ቀነስኩ፣ ነፊሳ ጨመረች። ቤታችን በድምሩ ሲታይ ምንም አልጎደለበትም።

መጀመሪያ ላይ ክብደቴ ጥሩ ወረደ። ሱሪዬ ሰፋ፣ አንገቴ ብቅ አለ። ከዚያ ቀጥ። ከኔ ጋር በአንድ ሳምንት የተሠራ ደረጀ የሚባል ወዳጅ አፍርቼ ነበር፤ ሆስፒታል ውስጥ አልጋችን ጎን ለጎን ነበር። በየጊዜው ይደውልና ሱሪው እየወለቀ እንዳስቸገረው በምሬት ያወራኛል። ምሬት! እኔ ሙዝ በምታህል ጨጓራ፣ በሲኒ ማስቀመጫ ላይ የቀረበ ምሳ እየበላሁ ባለሁበት ቆሜያለሁ፣ እሱ ሱሪው እየወለቀ ያማርርብኛል። ነፊሳ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብላ አጽናናችኝ። እንቁላሉ የሄደው ዶሮ ከሆነ በኋላ መሆኑን ለምን እንደማይናገሩት አላውቅም።

እኔ የሰው ሚዛን አላምንም። የምመዘነው በራሴ ሱቅ፣ ምስማር በምመዝንበት በትልቁ ሚዛን ላይ ነው። አንድ ጠዋት ወጣሁበት። ያው ነው። ወረድኩ፣ ሸበጤን አውልቄ ወጣሁ። ያው ነው። ደሜ ፈላ። «ይሄ ሚዛን ቀጣፊ ነው! ወር ሙሉ ሲዋሸኝ ከረመ!» ብዬ ጮህኩ። ዞር ስል አንድ የቆየ ደንበኛዬ፣ ግንበኛ ነው፣ ምስማሩን እንደያዘ ቆሟል። ረጋ ብሎ ምስማሩን አስቀመጠና «ጋሼ፣ ባለፈው የወሰድኩትም በዚሁ ነበር?» አለኝ። ኪሎ የምሸጥበትን ሚዛን በገዛ አፌ አዋረድኩት! ሌላ ምን ይደረጋል፣ ሃምሳ ኪሎ ተብሎ የተጻፈበት ያልተከፈተ ሲሚንቶ ተሸክሞ እንዲመጣና ራሱ እንዲመዝነው ለመንኩት። መዘነው። ልክ ነው፣ ዝንፍ አላለም። ሚዛኔ ነጻ ወጣ፣ እኔ ተፈረደብኝ።

ሰው እንዲህ ሲዋረድ ሁለት መንገድ አለው፤ መተው ወይም እልህ መግባት። እኔ እልህ ገባሁ። ጎህ ሲቀድ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ከፉሪ ወደ ሀና ማርያም በእግሬ መሄድ ጀመርኩ። ይሄን የመሰለ ሰውነት ይዞ በእግር መሄድ በኛ ሰፈር ቀላል እንዳይመስላችሁ። በየመቶ ሜትሩ መኪና አጠገቤ ይቆማል። «ጋሼ ይግቡ፣ ላድርስዎት!» ስፖርት እየሠራሁ ነው ብላቸው ማን ይስማኝ? አንዱ እጄን ይዞ ጎትቶ አስገብቶኝ በሄድኩበት መንገድ ቤቴ ድረስ መልሶኛል። ሳምንት ሳይሞላ መኪናዬን መሸጤ፣ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ መክሰሬ ተወራ። ደንበኞቼ ሱቅ መጥተው «አይዞን፣ ንግድ እንዲህ ነው» ይሉኛል። እኔም አሚን እላለሁ። ማታ ማታ ደግሞ ከአልጋዬ ጎን ሱጁድ እለማመዳለሁ። ወርጄ ትንሽ ቃተት ያልኩ እንደሆነ ነፊሳ ከጓዳ ሮጣ ትመጣና ታነሳኛለች። ተይኝ ብላት አንጀቷ አይችልም። እሷ ባትመጣ አልጋው አለ፤ እጄ ሳላስበው ይይዘዋል።

በዚህ ዓይነት እንደማይሆን ገባኝ። ሚዛኑ እንደሆነ ከዚያ በኋላም አልተነቃነቀም፤ እሱ እስኪፈቅድልኝ ብጠብቅ ሞቴ ይቀድማል። አንድ ቀን ከዙሁር ሶላት በኋላ ሁለት ረከዓ ሱና፣ ሁለት ዙር የውዴታ ሶላት፣ ልሰግድ ወንበሬን ትቼ ተነሳሁ። ከግድግዳውም ከምሰሶውም ርቄ ቆምኩ። የምይዘው ነገር እንዳይኖር ነው። ሐጂ ከድር ከወንበራቸው ሆነው ያዩኛል።

ወረድኩ። ግንባሬ የመስጊዱን ምንጣፍ ነካ። አቤት! ስንት ዘመን ነው የናፈቀኝ! ምንጣፉ ቀዝቀዝ ይላል፣ የሰው እግር ይሸታል፤ ከዚያ ሽታ የሚበልጥ ሽቶ ያን ሰዓት አልነበረም። አባቴ ትዝ አሉኝ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ከደስታዬ ብዛት የቀረውን ግማሽ ረስቼው ነበር።

ልነሳ ስል ጉልበቴ እምቢ። በእጄ ገፋሁ፤ እምቢ። ቦርጬ ከደረቴና ከጭኔ መሃል ገብቶ ተኝቷል። በቃ ይምጡና ያንሱኝ ብዬ ጠበቅኩ። ማንም አልመጣም። ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ፣ ሰው ቀረበ፣ አላህ ይስጠው ብዬ ብብቴን ከፈት አደረግሁለት። ወዲያው የሐጂ ከድር ድምፅ መጣ። «ተው! እንዳትነካው! ከጌታው ጋር ነው።»

ኮቴው ራቀ። አያችሁልኝ? መንገድ ላይ ወድቄ ቢሆን ሰፈሩ ሁሉ ተረባርቦ ያነሳኝ ነበር። ሱጁድ ላይ ያለን ሰው ማን ይደፍራል? ላቤ በአፍንጫዬ ይወርዳል፣ ትከሻዬ ይንቀጠቀጣል፤ እነሱ ደግሞ ሲያዩኝ አምርሬ የማለቅስ መሰላቸው። ቆይቶ እውነትም አለቀስኩ። ያ ረብ፣ ጌታዬ፣ አንሳኝ። ሌላ ምንም አልጠይቅህም፣ አንሳኝ ብቻ። በዕድሜዬ እንዲያ ከልቤ ለምኜ አላውቅም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። ያን ቀን ግን የሚያብር ድር እንደማይመጣ ገባኝ። ነፊሳ የለችም፣ አልጋ የለም፣ ያለሁት እኔ ነኝ። ጥርሴን ነከስኩ። መዳፌን ወደ ኋላ ሳብኩ፣ ትንፋሼን ያዝኩ፣ በአንድ እልህ ገፋሁ።

ተቀመጥኩ! ራሴ! ማንም ሳይነካኝ! ልጮህ ምንም አልቀረኝም።

ከዚያ ትዝ አለኝ። ለካ ሱጁድ በየረከዓው ሁለት ነው። ረከዓው ደግሞ ሁለት ነው።

ሳላስብበት ወረድኩ፤ ባስብበት ኖሮ አልወርድም ነበር። እንዴት እንደጨረስኩት አትጠይቁኝ። ወደ ቀኝና ወደ ግራ ዞሬ ሳሰላምት መስጊዱ ውስጥ የቀረው ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ተቀምጦ ያየኛል። ሐጂ ከድር ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። በምርኩዛቸው እየተደገፉ መጥተው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። እንዲህ ያለ ረጅም ሱጁድ ካዩ ዘመን እንዳለፋቸው፣ እዚያ ታች ሆኜ ለራሴ የለመንኩትን ለሳቸውም እንድለምንላቸው ጠየቁኝ። አፈርኩ። ሽማግሌ አይዋሽም፣ ለሽማግሌም አይዋሽም።

«ሐጂ፣» አልኳቸው፣ «እዚያ ታች ሆኜ የለመንኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ወድቄ እንዳልቀር፣ እንዲያነሳኝ።»

እጄን ሳይለቁ «ታዲያ ሌላው ሰው ምን የሚለምን መሰለህ?» አሉኝ።