ኒካዋ ታስሯል

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፤ ተናድጃለሁ። ንዴቴ እስኪበርድ ልቆይ ብዬ ስንት ጊዜ ብዕር አንስቼ እንዳስቀመጥኩ እኔ ነኝ የማውቀው። አልበረደም። እንግዲህ እንደተናደድኩ ልጻፈው፣ እናንተም ቻሉኝ።

እስኪ ልጠይቃችሁ። የማታውቁት ሰው ደጃችሁ መጥቶ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የእገሌ ልጅ ጸባይዋ እንዴት ነው?» ቢላችሁ ምን ትጠረጥራላችሁ? የእናንተን ሰፈር አላውቅም። እኛ ኮልፌዎች ግን መጠርጠር የለም፣ እናውቃለን፤ ልጅ ሊያጩ የመጡ ናቸው። የወንዱ ወገን ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ዘመድ ልኮ ጎረቤት ማስጠየቁ የቆየ ልማድ ነው። ጎረቤትም የሚመልሰውን አሳምሮ ያውቃል። አንገቷን የደፋች ናት፣ ከቤት አትወጣም፣ ድምጿ አይሰማም፣ ጥላዋን ትፈራለች ይላል። ልጅቷ ጎረምሳ የምታባርር ብትሆንም እንዲሁ ይላል። እኛ ይህን ውሸት አንለውም፣ ጉርብትና ነው የምንለው።

ሰሚራ የጎረቤቴ የልብስ ሰፊው የከድር ልጅ ናት፤ ጥላዋን አትፈራም። አንድ ቀን ጦር ኃይሎች አካባቢ ከእናቷ ጋር ታክሲ ስትጠብቅ አንዱ የእናቷን ቦርሳ መንትፎ ይሮጣል። ሰው ሁሉ ባለበት ቆሞ «ያዘው! ያዘው!» ሲል እሷ ተከትላ በኮሌታው ያዘችው፣ ፖሊስ እስኪመጣም አልለቀቀችውም። የመጣችው ፖሊስ ሴት ነበረች። አየቻትና «አንቺማ የእኛ ነሽ» አለቻት። በቃ፣ ያቺ ቃል ልጅቷ ልብ ውስጥ ገብታ ቀረች።

የፖሊስ ምልመላ ማስታወቂያ ሲለጠፍ ሰሚራ ከሁሉ ቀድማ ደረሰች። መስፈርቱ ብዙ ነው፤ ቁመት አለ፣ ክብደት አለ፣ የትምህርት ማስረጃ አለ፣ ከሱስና ከወንጀል ነፃ መሆን አለ፣ ዕድሜም አለ፤ የእሷ ዕድሜ ደግሞ ጫፍ ላይ ነውና ይህ ምልመላ ካመለጣት ሌላ የላትም። ያላገባች የሚልም አለበት። ያገባች ሴት ሌባ ማባረር የማትችለው ለምን እንደሆነ ያልጠየቅኩት ሰው የለም፤ ሁሉም «መመሪያ ነው» ይለኛል። የእኔን ሚስት የሚያውቅ ሰው ይህን መመሪያ አይጽፍም ነበር።

ልጅቷ በየማለዳው ከአየር ጤና እስከ ቤቴል ስትሮጥ ከረመች። ቁመቷ በቃ፣ ሩጫውን አለፈች፣ ሐኪሙ ጤነኛ ነሽ አላት፣ አሻራዋም ንጹህ ሆነ። የቀረው የጀርባ ጥናት ብቻ ነበር፤ አጣሪዎች ሰፈሯ ድረስ መጥተው ማንነቷን ጎረቤት ይጠይቃሉ ማለት ነው።

መጡ። ጥናቱ ምስጢር ነውና ዩኒፎርም አልለበሱም፣ ከየት እንደመጡም አልተናገሩም። ኮት የለበሰ ጎልማሳና ሻሽ ያሰረች ሴትዮ፤ ቁርጥ የሙሽራ አጎትና አክስት። ጉሮሯቸውን ጠርገው የከድር ልጅ ጸባይዋ እንዴት ነው አሉ። ባለሱቁ አንገቷን የደፋች ናት አለ። ዳቦ ሻጯ ከቤት አትወጣም አለች። ይህስ ባልከፋ። ሦስተኛ የገቡት ግን ጨርቅ የምትሸጠው ዘይነባ ሱቅ ነው።

ዘይነባ ሰሚራን ለልጇ ለነስሩ ካሰበች ቆይታለች፤ አፍ አውጥታ ባትናገርም ሰፈሩ ያውቃል። እንግዶቹ የሰሚራን ስም ሲያነሱ ሌላ ሊቀድማት መስሏት ደነገጠች። «ዘገያችሁ» አለቻቸው፤ «ኒካዋ ታስሯል። አግብታለች።» ሰዎቹ ተያዩ፣ አመስግነውም ሄዱ። ይህን የነገረችን ራሷ ናት፣ እየሳቀች፣ በዚያው ቀን። ሊያጩ የመጡትን መልሼ ሰደድኳቸው ብላ።

ያለፉት ስም ሲለጠፍ ሰሚራ የለችም። ብትጠይቅ «አግብተሽ ሳለ አላገባሁም ብለሻል» አሏት። ቀልድ መስሏት ሳቀች። ማን ነው ያለው ስትል ምስጢር ነው ተባለች። አያናድድም? አሻራ መርምረው፣ ደም መርምረው፣ መጨረሻ ላይ ያመኑት የጨርቅ ሻጭ ወሬ! ልጅቷን አንድ ጊዜ እንኳ «ለመሆኑ ባልሽ ማን ነው?» ብሎ የጠየቃት የለም።

አላገባሁም ካልሽ ማስረጃ አምጪ ተባለች። ወረዳው ደግሞ ምስክር አምጪ አላት። እኔም ዘይነባ ዘንድ ሄድኩ።

«ሄደሽ ተሳስቼ ነው በያቸው» አልኳት።

«እኔ? ፖሊስ ፊት ቆሜ የማላውቀውን?» አለችኝ። «ደሞስ ምን ክፉ ተናገርኩ? ባል አላት ማለት ስድብ ሆነ እንዴ?»

ደሜ ፈላ። ሌሎቻችን መሰከርን፣ ወረቀቱም ወጣ። ሲወጣ ግን ምልምሎቹ ማሠልጠኛ ገብተው ነበር። ወረቀቱን የተቀበላት ሰውዬ አዝኖ ለሚቀጥለው ተመዝገቢ አላት። ዕድሜዋን ስትነግረው ወረቀቱን መልሶ ሰጣት። ከዚያ ወዲህ ሰሚራ በማለዳ አትሮጥም። አባቷ አንድ ቀን ጨርቅ እየቀደደ «ሌባ ይዛ ያልደነገጠች ልጅ በወሬ ተያዘች» አለኝና መቀሱን አስቀመጠ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ እኔም ተናድጄ ዝም እል ነበር። ዘይነባ ግን ጥቂት ወራት ቆይታ ሽማግሌ ላከች። ለነስሩ! ከድር አብረኸኝ ተቀመጥ ብሎኝ እኔም ነበርኩ። ሽማግሌዎቹ ከጁምዓ በኋላ መጥተው፣ ዱዓ አድርገው፣ ልጅቷን ማሞገስ ጀመሩ። ጨዋ ናት፣ ከቤት አትወጣም፣ ድምጿ አይሰማም። ይህን ጊዜ ድምጿ የማይሰማው ልጅ ማንም ሳይጠራት ገባች።

«አባቶቼ፣ በከንቱ ደከማችሁ» አለች። «እኔ ባለትዳር ነኝ። ኒካዬ ታስሯል።»

ትልቁ ሽማግሌ ወደ ከድር ዞሩ። «ምንድን ነው የምትለው?» አሉት። ከድር ምንጣፉን ያያል። እኔም ምንጣፉን አየሁ።

«እኔ ያልኩት አይደለም፤ መንግሥት አጣርቶ የደረሰበት ነው» አለች ሰሚራ። «ካላመናችሁ እትዬ ዘይነባን ጠይቋቸው።»

ሽማግሌዎቹ ጫማቸውን አድርገው ወጡ። ከመንገዱ ማዶ ዘይነባ ሱቋ በር ላይ ቆማ ትጠብቃቸው ነበር።