የእማማ ሙሉና የጋሽ በዳዳ በረንዳ

መስሪያ ቤቶቻችን አይናበቡም ብላችሁ አማርራችሁ አታውቁም? እኔ ቃሊቲ ዋናው መንገድ ዳር ጎሚስታ ቤት አለኝ። አንዱ መስሪያ ቤት አስፋልት ያነጥፋል፤ አስፋልቱ ሳይቀዘቅዝ ሌላው ለውሃ ቱቦ ይቆፍረዋል። ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ጎማው የፈነዳበት ሾፌር እኔ ጋ ይመጣል። እሱ ሲራገም እኔም ጎማውን እየፈታሁ አብሬው እራገማለሁ። እንጀራዬ የሚወጣው ከዚሁ ጉድጓድ መሆኑን ግን አልነግረውም። ምን ቸገረኝ?

ታዲያ አንድ ጊዜ ተናበቡ። እውነቴን ነው፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ምነው ባላየሁ!

ከሱቄ ማዶ ከተዘጋ የቆየ መጋዘን አለ፤ ሰፊ በረንዳ ያለው። እማማ ሙሉና ጋሽ በዳዳ እዚያ በረንዳ ላይ ይኖሩ ነበር። ጋሽ በዳዳ ጉልበት ሳላቸው የዚያኑ መጋዘን ጆንያ ሲሸከሙ ኖረው፣ ኋላ ዓይናቸው ጠፋ። እማማ ሙሉ በየሰው ቤት ልብስ ያጥቡ ነበር፤ እሳቸውን ደግሞ ጆሯቸው ከዳቸው። ባልና ሚስት እንዳልላችሁ፣ አይደሉም። ወንድምና እህት እንዳልላችሁ፣ አንዳቸው ከሩቅ ቆላ፣ አንዳቸው ከደጋ የመጡ ናቸው። ብቻ አብረው ነበሩ።

አኗኗራቸውን ብታዩ! ሰርግ ሲያልፍ እማማ ያዩትን ሁሉ ለጋሽ በዳዳ ይተርካሉ። «ሙሽራዋ ስቃ ልትሞት ነው፣ ሙሽራው ግን ያንቀላፋል» ይላሉ። ጋሽ በዳዳ በተራቸው የሰሙትን በእማማ ጆሮ ይጮሃሉ። በእማማ ጆሮ የተጮኸ ሚስጥር ደግሞ መንገዱን ተሻግሮ እኔ ጋ ይደርሳል። የሰፈሩን ወሬ የምሰማው ከሳቸው ነበር። አንድ ቀንማ «ጎሚስታውን ሚስቱ አባረረችው አሉ!» ብለው ሲጮሁ የጭነት መኪና ሾፌሮች ሳይቀሩ ሰሙ። ምን እላለሁ? እውነት ነበር።

ኋላ ወረዳው፣ ጎዳና ላይ ያሉ ወገኖችን በቅንጅት እናንሳ ብሎ ሰበሰበን። ማኅበራዊ ጉዳይ፣ ጤና ጣቢያ፣ ፖሊስ፣ ደንብ አስከባሪ፣ ቤተክርስቲያን፣ መስጊድ፣ እድሮች፣ ማን ቀረ? የእድራችን ሊቀመንበር ታመው ስለነበር እኔ ተወከልኩ። ሻይ ጠጥተን እንበተናለን ብዬ ነው የሄድኩት። ሰዎቹ ግን የምራቸውን ነበሩ። ፖሊሱ መኪናው በእኔ አለ። ነርሷ ምርመራው በእኔ አለች። ከመስጊዱ የተወከሉት የስልጤ ነጋዴ ፍራሽና ብርድ ልብስ ቻሉ። ወረዳው አቃቂ በሰቃ ውስጥ አንዲት ክፍል ቤት አገኘ፤ ጣራዋን እኛ እድርተኞቹ አደስን። ቆርቆሮው ላይ ወጥቼ ሚስማር የመታሁት እኔ ነኝ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ምን እደብቃችኋለሁ።

ከዚያ ጥያቄው መጣ። የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያዋ ትሁት ልጅ ናት። አሠራሩ ሁሉንም ለየብቻ መጠየቅ ነው አለች። እማማን ለብቻ አስቀምጣ «ብቻዎን ነዎት?» አለቻቸው። በእማማ ጆሮ የሚጮህላቸው የለ! ፈገግ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። የተጠየቁትን ሁሉ በፈገግታ እሺ አሉ።

ጋሽ በዳዳ ተራቸው ሲደርስ እኔም እዚያው ነበርኩ።

«ቤተሰብ አለዎት?»

«አለኝ እንጂ። ሙሉ አለች።»

«የአባቷ ስም?»

አሰቡ፣ አሰቡ። «ጠይቄያት አላውቅም» አሉ።

«ምንዎት ናት ታዲያ?»

«ሙሉ ናታ!» አሉ፤ ለልጅቷ አለመግባቱ ገርሟቸው።

በዚሁ ሁለቱም ብቸኛ ተባሉ። እማማ ለበሰቃዋ ክፍል፣ ጋሽ በዳዳ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ላለ የአረጋውያን መርጃ ተመደቡ። አብረው እኮ ናቸው፣ አልኩ። የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ግርማ ክፉ ሰው አይደሉም፤ «ጋብቻ የሌላቸውን ሁለት ሰዎች በአንድ ክፍል አስገባሁ ብዬ ምን ብዬ ልፈርም ነው? ለጊዜው ነው፣ ኋላ እናገናኛቸዋለን» አሉ። «ለጊዜው» የምትባለዋን ቃል መቼም ታውቋታላችሁ።

የሚነሱ ዕለት ሁለት መኪና መጣ። አንድ መኪና ቢሆን ኖሮ፣ እላለሁ አንዳንዴ። ጋሽ በዳዳ ከተቀመጡ በኋላ በእጃቸው ወንበሩን ዳሰሱ። ጎናቸው ባዶ ነው። «ሙሉ! ሙሉ!» ብለው ተጣሩ። እማማ ከኋለኛው መኪና ፍራሻቸውን አቅፈው ተቀምጠው፣ ለጋሽ በዳዳ በመስኮት እጃቸውን ያወዛውዛሉ። እሳቸው አይሰሙ፣ ጋሽ በዳዳ አያዩ። ሁለቱ መኪኖች አንዱ ወደ ሳሪስ፣ አንዱ ወደ በሰቃ ሄዱ።

ክረምቱ እንደወጣ እማማን ይዤ ጋሽ በዳዳን ልጠይቅ ሄድኩ። ባቡር፣ ከዚያ ታክሲ፣ ከዚያ ሌላ ታክሲ። እማማ ለበዳዳ ብለው ትኩስ ዳቦ በነጠላቸው ጠቅልለዋል። የመርጃው ሠራተኛ በሩ ላይ አቆመን። ቦታ ጠቦን ከክልላቸው ጋር ተቀናጅተን ወደ ትውልድ አገራቸው ሸኝተናቸዋል አለ።

በልጅነታቸው ጥለውት የወጡት አገር ነው፣ ማን አላቸው? አልኩት። ክልሉ ተረክቧቸዋል አለኝ። ክልሉስ የት አደረሳቸው? አልኩ። እሱን እንግዲህ ክልሉን ይጠይቁ አለኝ። ጠየቅኩ፣ ኋላ። ክልሉ ወደ ዞኑ መራኝ፣ ዞኑ ወደ አንድ ስልክ መራኝ፤ ስልኩን የሚያነሳው የለም። እስካሁንም አልተነሳም።

እማማ በሩ ላይ አፌን አፌን ያዩኛል። «ምን አለ?» አሉኝ። ጎንበስ ብዬ በጆሯቸው ጮህኩ። «ደህና ናቸው! አገራቸው ገብተዋል!»

«ሰውዬው ይሄን ሁሉ አውርቶ ይቺን ብቻ?» አሉ። «በዳዳ ቢሆን አንዲት ቃል አያስቀርብኝም ነበር።» ዳቦውን ለዘበኛው ሰጥተው ቀድመውኝ ወደ ታክሲው ሄዱ።

የእኛ ኮሚቴ ግን ስሙ ወጣ። በረንዳው ባዶ ነው፣ ጣራው አያፈስም፣ ሁሉም የድርሻውን ተወጥቷል። በቅርቡ ከሌላ ወረዳ የመጡ ሰዎች ለልምድ ልውውጥ ተላኩብን። እማማ ሙሉ ቤት ወሰድናቸው። አቶ ግርማ የስኬታችን ምስጢር ቅንጅት መሆኑን አስረዱ። እንግዶቹ ጻፉ። ከመካከላቸው አንዲት ሴትዮ ክፍሏን ዞር ዞር ብላ አየችና ወደ እኔ ጠጋ አለች።

«ምስኪን» አለችኝ፣ ቀስ ብላ። «ብቻቸውን መኖር ከጀመሩ ቆዩ?»

«ኧረ አልቆዩም» አልኳት። «ከተቀናጀን ወዲህ ነው።»